ለመታሸት ሄጄ በጥያቄ ያፋጠጡኝ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ

ከማጅራቴ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ትከሻዎቼ መሀል፣ ህመም ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዞኝ ሰነበተ። አልወደቅኩ፣ ከባድ ነገር አላነሳሁ። እናቴ «ብርድ ነው» አለች። ቢሮ ያሉት «ላፕቶፕ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ስውጥ ከርሜ ጨጓራዬን አነደድኩት። በመጨረሻ ሰፈራችን ወዳለችው ትንሽ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያልጣመኝን ልናገር። ለሦስት ሰዓት ቀጥረውኝ አራት ተኩል ገባሁ። መኪና ማቆሚያ የለም። ዋጋውም ኪስ ይነካል።

ባለሙያዋ ግን እጇን ጀርባዬ ላይ ከማሳረፏ በፊት ጥያቄ ታወርድብኝ ጀመር። ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳዎታል? ጋደም ሲሉ ይቀልልዎታል ወይስ ያው ነው? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ሳይፈልጉ መክሳት? እግርዎ ይደነዝዛል? ሽንት አልያዝ ወይም አልወጣ ብሎዎት ያውቃል? ካንሰር ታመው ያውቃሉ? እሹኝ ብዬ መጥቼ ስለ ሽንቴ እጠየቃለሁ እንዴ ብዬ ትንሽ ተናደድኩ።

ለምን እንደምትጠይቅ ስትነግረኝ ነው የበረድኩት። መሀል ጀርባ በጎድን አጥንት ስለተያዘ እንደ አንገትና እንደ ወገብ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ያለምክንያት አሞ አልለቅ ሲል «ጡንቻ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያው አካባቢ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሳል ላይኖረው ይችላል። ወዲያው አንድ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ፤ ወጌሻ ጋ ለወራት ሲታሽ ከርሞ እግሩ ሲከዳው ነው ኤምአርአይ የተነሳው፣ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፣ እሱ ግን ያለውን ሁሉ መታሻ ላይ ጨርሶ ነበር።

እግር መክዳት ወይም የሽንት ነገር ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፣ ነገ አይባልም አለችኝ። ድንገት የሚቀድድ ዓይነት ህመም፣ ወይም ደረት ማፈን፣ ትንፋሽ ማጠርና ቀዝቃዛ ላብ አብሮት ከሆነ ግን የልብ ወይም የትልቁ ደም ሥር ጣጣ ሊሆን ስለሚችል «እኛ ጋ እንዳትመጡ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል» አለች። ደንበኛ የሚያባርር ክሊኒክ ያየሁት ያን ቀን ነው!

የእኔ ከእነዚህ አንዱም የለበትም። አቀማመጤን አይታ ሳቀች። ላፕቶፑን ከፍ አድርግ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስ ተባልኩ፣ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴ አሳየችኝ፣ ዲክሎፌናኩን አስቆመችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተሻለኝ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ነገረችኝ። ማሸቱ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አሁን አሥረኛ ቀኔ ነው፣ ጥሩ ነኝ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የመጠበቂያው ወንበር ራሱ ጀርባ ያሳምማል።