አሥራ ዘጠኝ ዓመት በደጁ አልፌ፦ የስድስት ኪሎው የኢትኖሎጂ ሙዚየም

ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መሥሪያ ቤቴ ፒያሳ ነው። ታክሲው በስድስት ኪሎ ያልፋል፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትን ከመስኮት እያየሁ ነው ልጅ ያሳደግሁት። ከአደባባዩ ዳር ባለው የዩኒቨርሲቲ በር ግን አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። እዚያ አልተማርኩም፤ ሙዚየም እንዳለ ብሰማም «አንድ ቅዳሜ» እላለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ልብስ ይታጠባል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ገበያ ይወጣል።

ያስገቡኝ አባቴ ናቸው። ባለፈው ክረምት ለዓይናቸው ሕክምና ከመንዝ መጥተው ቀጠሯቸው ከሐሙስ ወደ ሰኞ ተሸጋገረ። ሁለት ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጠው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሲያዩ ዋሉና «እዚህ አገር ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚያየው ነገር የለውም?» አሉኝ። ድንቅነሽን ላሳያቸው አስቤ አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ጠቀስኩላቸው። «አጥንት ለማየት ነው የምትወስጅኝ?» ስድስት ኪሎ ሆነ። ለዓርብ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ልጄም ትምህርት ስለተዘጋ አብሮን ወጣ።

በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ በዛፎቹ ሥር ትንሽ በእግር ነው። ሙዚየሙ ያለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤት። ከፊቱ ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን። ከነጻነት በኋላ ማፍረሱን ትተው ከላዩ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ልጄ እርከኖቹን ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሦስት የተለያየ ቁጥር አመጣ። አባባ አንበሳውን በደኅናው ዓይናቸው አተኩረው አዩና «ጥሩ አድርገዋል፤ እነሱ ደከሙ፣ የእኛው ወጥቶ ተቀመጠበት» አሉ።

የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ እንደሆነ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐውልቱንና ግቢውን አያይዤ አስቤ እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። በየቀኑ የማየው ድንጋይና ይህ ቤት የአንድ ቀን ታሪክ ናቸው፤ እኔ ግን የታክሲ መውረጃ ምልክት አድርጌው ኖርኩ።

ወደ ውስጥ እንግባ። የተደነቅሁበት አደራደሩ ነው። ዕቃዎቹ ይህ የአማራ፣ ይህ የኦሮሞ፣ ይህ የአፋር ተብለው በየጥጋቸው አልታጠሩም፤ የተሰደሩት በሰው ዕድሜ ነው። ከልደትና ከልጅነት ተነሥታችሁ ጨዋታውን፣ አደኑን፣ ጦርነቱን፣ ባህላዊ መድኃኒቱን አልፋችሁ ቀብር ላይ ትደርሳላችሁ። የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ ዕቃ ጎን ለጎን ሲታይ ሰው ልጁን ለማሳደግም ሆነ ሙቱን ለመሸኘት ስንት መንገድ እንዳበጀ ያለ ሰባኪ ይገባችኋል። ልጄ የመቃብሩ ክፍል ስንደርስ «እማዬ፣ አሁን ሞትን ማለት ነው?» አለኝ። ከዚያ በላይ አላብራራም።

ብዙ ሰው የሚጓጓው ለንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ነው። አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ በታኅሣሡ ግርግር ጥይት የበሳው መስተዋት። እኔን ብዙም አልያዘኝም፤ የሰው መኝታ ቤት በር ላይ ቆሞ ማየት ያሳፍረኛል። አባባ ግን አልጋውን ቆመው አዩት፤ «እንቅልፍስ በደንብ ይወስዳቸው ነበር?» ብለው አለፉ።

የቀኑ ትርፍ ያለው ከላይ ነው። የጥንት ሥዕለ አድኅኖዎቹንና መስቀሎቹን ተሳልመው ሲጨርሱ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ዘንድ ደረስን፤ አባቴም በገና ፊት ቆመው ቀሩ። አውታሮቹን በጣታቸው ከርቀት ቆጠሩ፤ አሥር። ከዚያ ለልጄ ማስረዳት ጀመሩ። አውታሩ የበግ አንጀት ነው፤ ይታጠባል፣ ይፈተላል፣ ይደርቃል። ድምፁን የሚያስነዝረው አውታሩ ብቻውን እንዳይመስልህ፤ እታች አውታሩ በሚያርፍበት ላይ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት፣ እንዚራ ትባላለች፤ እሷ ከቦታዋ ከተንሸራተተች በገናው ዲዳ ነው። የእናታቸው ወንድም በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ይደረድሩ ነበር፤ አባባ ልጅ ሆነው እንዚራዋን የማስተካከል ሥራ የእሳቸው ነበር። ይህን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ሌሎች ሁለት ጎብኚዎችም ተጠግተው ማዳመጥ ጀመሩ፤ አንዷ አስጎብኚ መስለዋት ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ሳይቃወሙ መለሱ።

ለሚሄድ ሰው፦ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል፣ አዛውንት ካለ አራት። ቤተ መንግሥት ነውና ደረጃ አለው፤ የአባባን ጉልበት በየፎቁ አሳርፈናል። የአገር ሰው የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ ለሦስታችን ተደምሮ ከምሳችን ሒሳብ ያንሳል። ስለ ምሳው ካነሳሁ፣ ከግቢው ወጥተን በገባንበት ቤት የጾም ፍርፍሩ ቀዝቅዞ ነው የመጣው፤ ከቤት ቋጥራችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ቅዳሜን ከመጠበቅ በሥራ ቀን ግማሽ ቀን ፈቃድ መውሰድ ያዋጣል፤ የእኔ አለቃ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀኝም።

ሰኞ ሐኪሙ አባባን «ያዩት ይታይዎታል?» ሲላቸው «የበገናውን አውታር ቆጥሬያለሁ» ብለው መለሱለት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።