ጫማ ያላደረገው ንጉሥ፦ «አሜሪካን ቦርን ቻይኒዝ» ስለተሰኘው ሥዕላዊ ልቦለድ

አንድ ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ በተማሪዎቹ ፊት ቆሟል። መምህርቷ ስሙን አዛብታ ስትጠራው ቀስ ብሎ ያርማታል፤ ከቻይና ድረስ እንደመጣ ለክፍሉ ስትናገርም ከሳን ፍራንሲስኮ መምጣቱን ይነግራታል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ሌላ ልጅ ከታይዋን ይመጣና ያው ነገር ይደርስበታል፦ ስሙ ይዛባል፣ አገሩም በስሕተት ቻይና ይባላል። አንባቢ በዚህ ጊዜ የሚጠብቀው፣ ቀድሞ የገባው ልጅ ወንድም እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎት አዲሱን ልጅ ሲቀበለው ለማየት ነው። ቀድሞ የገባው ልጅ ጂን ዋንግ ግን አዲሱን ልጅ ሲያየው የሚመጣበት ስሜት የመደብደብ ፍላጎት ነው፤ ልጁ ቀርቦ በቻይንኛ ሲያናግረውም፣ አሁን ያለኸው አሜሪካ ነውና በእንግሊዝኛ ተናገር ይለዋል።

ይህን ገጽ ካነበብሁ በኋላ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። በሁለት ባህል መካከል ስለሚያድጉ ልጆች የሚጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ሌላው ሰው ልጁን እንዴት እንዳቆሰለው ነው። ይህኛው ግን ከዚያ አልፎ፣ የቆሰለው ልጅ ያንኑ ቁስል ከእሱ በኋላ ለመጣው ልጅ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ያሳያል፤ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉትም ዛሬም በአንባቢ እጅ እንዲገባ የምመኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መጽሐፉን የጻፈውና የሣለው በካሊፎርኒያ ተወልዶ ያደገው ጂን ሉን ያንግ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በኦክላንድ ከተማ በሚገኝ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነበር። ቀለሙን የቀባችው ላርክ ፒየን ናት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ለመጨረሻው ዙር የደረሰ የመጀመሪያው ሥዕላዊ ልቦለድ ሆነ፤ በ2007 ደግሞ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለወጣቶች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የፕሪንዝ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሥዕላዊ ልቦለድ ነው። በ2023 በዲዝኒ ፕላስ የቀረበው ተከታታይ ፊልም ታሪኩን በብዙ ስለለወጠው፣ ፊልሙን አይቶ መጽሐፉን አውቄዋለሁ ማለት አይቻልም።

መጽሐፉ ሦስት ታሪኮችን እየቀያየረ ይተርካል፤ ሦስቱም ወደ መጨረሻው የሚገናኙበትን መንገድ ግን ለአንባቢ እተወዋለሁ። የመጀመሪያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈው ታላቅ የቻይና ልቦለድ የተወሰደው የዝንጀሮው ንጉሥ ታሪክ ነው። ንጉሡ በአበባና በፍራፍሬ ተራራ ላይ ወገኖቹን በፍቅር የሚገዛ፣ የኩንግ ፉ ጥበብንም ጠንቅቆ የተማረ ኃያል ነው። አንድ ቀን በሰማይ አማልክት ግብዣ አድርገው ሲጨፍሩ ይሰማና ወደዚያው ይሄዳል፤ የበሩ ጠባቂ ግን ጫማ አላደረግህም፣ ንጉሥም ብትሆን ያው ዝንጀሮ ነህ ብሎ ይከለክለዋል። የተሰለፉት እንግዶች ሁሉ ይስቃሉ። እሱም በቁጣ ሁሉንም ደብድቦ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ እልፍኙ ሲገባ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አስተውሎት የማያውቀው የዝንጀሮ ጠረን ይሸተዋል። ሌሊቱንም ያን ጠረን ከራሱ እንዴት እንደሚያስወግድ ሲያስብ ያነጋል። በማግሥቱ ዝንጀሮዎቹ በሙሉ ጫማ እንዲያደርጉ ያዛል።

በባዕድ አገር ልጅ ያሳደገ ወላጅ ይህን ሲያነብ የሚያስታውሰው ነገር አያጣም። ትናንት የወጡን ሽታ ከደረጃው ጀምሮ እየተከተለ «ዛሬ ምንድን ነው የተሠራው?» እያለ የሚገባው ልጅ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ ካፖርቱን ከወጥ ቤቱ አርቆ መስቀል ይጀምራል። ቤቱ አልተለወጠም፣ በርበሬውም ያው በርበሬ ነው፤ የተለወጠው የልጁ አፍንጫ ነው። ያንግ ይህን ሁሉ በዚያ አንድ የእልፍኝ ሥዕል አሳይቶታል።

የዝንጀሮው ንጉሥ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላም በር ይከፍታል። በጥንቱ ታሪክ ዝንጀሮውን በተራራ ሥር የሚያስረው ቡድሃ ሲሆን፣ ያንግ ግን በቡድሃ ፋንታ ሁሉን የፈጠረ አንድ አምላክን አስገብቷል። ይህ አምላክ ለሸሸው ዝንጀሮ የሚናገረው ቃል ከመዝሙረ ዳዊት የተቀዳ ነው፦ መቀመጥህንና መነሣትህን አውቃለሁ፣ የተሰወረ ሐሳብህንም አውቃለሁ፣ ከእኔ ፊት ማምለጥ አትችልም ይለዋል። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ያደገ ሰው «ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ?» የሚለውን ቃል በአንድ የቻይና ተረት ውስጥ በአሜሪካዊ ብዕር ሲያገኘው፣ ሁለት ነገር በአንድ ልብ ሊኖር እንደሚችል ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ዝንጀሮው አምስት መቶ ዓመት ከታሰረ በኋላ አንድ መነኩሴ ይመጣለታል። መነኩሴው የሚነግረው ተራራውን በኃይል እንዲገለብጥ ሳይሆን፣ በጥበቡ ያገዘፈውን አካል ትቶ ወደ ተፈጠረበት መልኩ እንዲመለስ ነው፤ ሲመለስም ትንሽ ይሆናልና ከድንጋዩ ሥር ይወጣል። ለጉዞ ሲነሡም ጫማውን እንዲያወልቅ ይነግረዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማውን ማውለቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ ሥዕል የሚሰጠው ትርጉም ደራሲው ካሰበው በላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ታሪክ በመግቢያዬ ያነሣሁት የጂን ዋንግ ነው። በፀጉሩ፣ በምሳ ዕቃውና በስሙ የሚያፍረው ይህ ልጅ አሚሊያ የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷ ዘንድ ለመቅረብም ፀጉሩን እንደ ነጭ የክፍል ጓደኛው ያስጠቀልላል። የስም ነገር በእኛም ዘንድ ቀላል ታሪክ የለውም፤ በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ነበር። ጂን ግን ማንም ሳያስገድደው በራሱ ፈቃድ ራሱን ይለውጣል፤ ይህም ይበልጥ ያሳዝናል። ከታይዋን የመጣው ዌይ ቼን በመጨረሻ የልብ ጓደኛው ሆኖ ስለ እሱ ሲል እንኳ ይዋሻል። በመካከላቸው ጠብ ሲነሣ ጂን የሚወረውርበት ስድብ፣ በአማርኛ ብናስቀምጠው «አንተ ፋራ» እንደማለት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ቃል በቃል ትርጉም ገና ከመርከብ የወረደ ማለት ነው። ከዲሲ አካባቢ ጀምሮ ብዙ የኛ ሰዎች በሚኖሩባቸው ከተሞች፣ በዲቪ የመጣ የአጎት ልጅ ከእነሱ ትምህርት ቤት ሲገባ በኮሪደሩ እንዳላዩት የሚያልፉ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች ክፉ አይደሉም፤ የፈሩት የራሳቸውን መልክ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዳኒ የሚባል ነጭ ተማሪ በየዓመቱ ከቻይና የሚመጣ ቺን ኪ የተባለ የአጎት ልጅ አለው፤ ቺን ኪም የድሮ የአሜሪካ ጋዜጦች ቻይናውያንን ሲሳለቁበት የኖሩበት ሥዕል ሁሉ ተደምሮበት የተሣለ ነው፦ የወጣ ጥርስ፣ የተጎነጎነ ረጅም ፀጉር፣ የተሰባበረ እንግሊዝኛ። ሻንጣዎቹ ሳይቀሩ የቻይና ምግብ ቤት የካርቶን ዕቃ ይመስላሉ። ከገጾቹ ግርጌ እንደ ቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ የተመልካቾች ሳቅ በፊደል ተጽፎ ይታያል። አንባቢ መጀመሪያ አብሮ ሊስቅ ይችላል፤ ጥቂት ገጾች ሲያልፉ ግን የሚስቀው ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል። ደራሲው ይህን ያደረገው አውቆ እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጽሐፉን ሰጥቶ ዘወር ማለት ትክክል አይመስለኝም፤ የሳቁን ምክንያት አብሮት የሚያነብብ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። አንዳንድ ጸያፍ ቀልዶችም አሉ።

የሥዕሉ አሠራር ቀላልና ጥርት ያለ ነው፤ በየገጹ ላይና ታች ሰፊ ነጭ ቦታ ስለተተወ ዓይን አይደክምም። ልጆች በአንድ ምሽት ይጨርሱታል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነቡት ግን በመጀመሪያው ያላዩት ብዙ ነገር ያገኛሉ።

ጉድለቱን መሸፈን አልፈልግም። ትልቁ ጉድለቱ ወላጆቹ ናቸው። የጂን እናት መጀመሪያ ላይ በመኪና ሲጓዙ ስለ ልጇ ትምህርት ስትል ቤት እየቀያየረች ስለኖረች እናት የሚተርክ የጥንት ተረት ትነግረዋለች፤ ቆንጆ ተረት ነው፣ የስደተኛ ወላጅን ሐሳብ ሁሉ ይዟል። ከዚያ በኋላ ግን እናትና አባት ከታሪኩ ይጠፋሉ ማለት ይቻላል። ልጁ መልኩን ሲጠላ ያ መልክ የእናቱና የአባቱ መልክ ነው፤ እነሱ ይህን አይተው ምን እንደተሰማቸው ሳናውቅ መጽሐፉ ማለቁ ቅር አሰኝቶኛል። ሴቶቹም ቢሆኑ በበቂ አልተሣሉም፤ አሚሊያ ከምኞት ያለፈ ማንነት የላትም። የጃፓን ዘር ያላት የክፍል ጓደኛው ሱዚ ሰው በዘሯ ከሰደባት በኋላ፣ በውስጧ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚሰማት የምትናገርበት ክፍል ከመጽሐፉ ልብ የሚነኩ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ታሪኩ ቶሎ ጥሏት ይሄዳል። ሦስቱ ታሪኮች የሚገናኙበት የመጨረሻው ክፍልም ጥድፊያ ይታይበታል፤ አሥር ያህል ገጽ ቢጨመርለት ይሸከመው ነበር።

እንዲያም ሆኖ በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የመነጋገሪያ መጽሐፍ በዚህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አላገኘሁም። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ ቋንቋውን በሥራ ቦታ ብቻ የተማረ ወላጅም ከሥዕሉ ጋር ይከተለዋል። እኔ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ጋር ነው ያነበብሁት፤ እሷ እንግሊዝኛውን ታነባለች፣ እኔ የዝንጀሮውን ክፍል በአማርኛ እመልስላታለሁ። ንጉሡ ለዝንጀሮዎቹ ጫማ ያዘዘበት ገጽ ላይ ስንደርስ ገጹን ሳትገልጥ ቆየች፤ ከዚያም ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣችውን የአክስቷን ልጅ ስም ጠርታ፣ ቅዳሜ እሷንም እንጥራትና ከመጀመሪያው እንጀምረው አለችኝ።