ለጌም የሚሆን ስዊች ስንመርጥ፦ የቁልፉን መጫን ሳይሆን መለቀቁን ማየት

ላለፉት አራት ዓመታት ካውንተር ስትራይክንና ቫሎራንትን በሦስት ዓይነት የኪቦርድ ስዊች ተጫውቻለሁ፤ መጀመሪያ በሰማያዊ፣ ቀጥሎ በቀይ፣ አሁን ደግሞ በማግኔት በሚሠራ። ሻጮችም ሆኑ ማስታወቂያዎች አጥብቀው የሚነግሩን ቁልፉ ሲጫን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ነው። በተኩስ ጌም ውስጥ ግን ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ቁልፉ ሲለቀቅ የሚሆነው ነገር ስለሆነ፣ በዚህ ግምገማ ሦስቱንም የማነጻጽረው በዋናነት ከዚህ አንጻር ነው።

ስዊች የምለው ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለውን፣ ጣት ሲጫነው ወርዶ በሞላ ተገፍቶ የሚመለሰውን ትንሽ ዕቃ ነው። በተለመደው የቢሮ ኪቦርድ ይህን ሥራ የሚሠራው ከቁልፎቹ ሥር የተነጠፈ ላስቲክ ሲሆን፣ በሜካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና የራሱ የብረት መገናኛ አለው። ዛሬ በገበያ ላይ ከምናያቸው ስዊቾች አብዛኞቹ የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣውን ኤም ኤክስ የተባለ ንድፍ የተከተሉ ናቸው። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ በኋላ ጌትሮንንና ካይልን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾች በስፋት እያመረቱት ዋጋውን አርክሰውታል። በቀለም የመጥራት ልማድም የመጣው ከቼሪ ነው፤ ቀዩ ያለ ምንም እንቅፋት ወርዶ ይመለሳል፣ ቡናማው መሀል ላይ ጣትን የሚነካ ትንሽ ጉብታ አለው፣ ሰማያዊው ደግሞ ጉብታውም ድምፁም አለው።

የመጀመሪያ ኪቦርዴን የሸጠልኝ ሰው «ወንድሜ፣ ለጌም ከሆነ ሰማያዊውን ውሰድ፤ ድምፁ ራሱ ይነግርሃል» ብሎ ነበር ያሳመነኝ። ድምፁ በእርግጥ ደስ ይላል። ሌሊት ሲሆን ግን በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሳያቋርጥ ይንጣጣል፤ በቀጣዩ ክፍል የምትተኛው እናቴ አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ የሚያድረው ምንድን ነው?» ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ የቤቱን ሰው እንቅልፍ እየነሳሁ መሆኔን አላወቅሁም ነበር።

ከድምፁ ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን አሠራሩ ነው። በሰማያዊ ስዊች ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽ አካል ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ጣት ሲጫነው አንደኛው ክፍል ተስፈንጥሮ «ቀጭ» ይላል። ይህ ክፍል ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ቁልፉ እንደተለቀቀ አይቆጠርም፤ ለመመለስ ደግሞ ቁልፉ መጀመሪያ ከሠራበት ነጥብ አልፎ ከፍ ማለት አለበት። ይህን ማንኛውም ገዢ እዚያው ሱቅ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ሊፈትነው ይችላል። ኪቦርዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ባዶ ገጽ ክፈቱና አንዱን የፊደል ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተጭናችሁ ያዙት። ፊደሉ ሳያቋርጥ ይደጋገማል። ከዚያ ጣታችሁን በጣም በዝግታ እያነሣችሁ ድግግሞሹ የት ላይ እንደሚቆም ተመልከቱ። በቀዩ ላይ ቁልፉ ግማሽ መንገድ ያህል ሲመለስ ይቆማል፤ በሰማያዊው ላይ ግን ከግማሽ አልፎም ፊደሉ መሰለፉን ይቀጥላል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በጨዋታው ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በካውንተር ስትራይክ እየሮጠ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ይበተንበታል፤ ስለዚህ ወደ ግራ እየሄደ ያለ ተጫዋች ወደ ግራ የሚያስኬደውን «ኤ»ን ለቆ ወደ ቀኝ የሚያስኬደውን «ዲ»ን ለቅጽበት በመንካት ራሱን ያቆማል፣ ከዚያም ይተኩሳል። ጣቱ መነሣት ጀምሮ እያለ ኪቦርዱ «ኤ» ገና እንደተጫነ የሚቆጥር ከሆነ፣ ተጫዋቹ ቆሜያለሁ ብሎ የተኮሰው ጥይት ከዒላማው ውጭ ይሄዳል። እኔ ለወራት የእጄ ፍጥነት ማነስ ይመስለኝ የነበረው ነገር አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

የቼሪ ቀይ ስዊች 45 ሴንቲኒውተን በሆነ ኃይል ይጫናል፣ 2 ሚሊሜትር ሲወርድ ይሠራል፣ መጨረሻው ደግሞ 4 ሚሊሜትር ላይ ነው። በጨዋታ ግለት ውስጥ ጣታችን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ስለሚጫን፣ ቁልፉ ተለቀቀ ለመባል ወደ 2 ሚሊሜትር ያህል መመለስ አለበት። አሁን ብርማው፣ ስፒድ የተባለውና ለጌም ተብሎ የሚሸጠው ስዊች ምን እንደሚያደርግ እንይ። እሱ 1.2 ሚሊሜትር ላይ ይሠራል፣ 3.4 ሚሊሜትር ላይ ይጨርሳል። ሲጫን ከቀዩ ይቀድማል፤ ሲለቀቅ ግን የሚመለሰው 2.2 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም ከቀዩ ትንሽ ይበልጣል። ፈጣን ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ የተጠየቀበት ስዊች በሚያስፈልገን ቅጽበት ከርካሹ ያዘገማል ማለት ነው፤ ይህን በማሸጊያው ላይ ተጽፎ አላየሁም። በአንጻሩ ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ የላስቲክ ቀለበት ከቁልፉ ክዳን ሥር ቢገባ መጨረሻውን ወደ ላይ ስለሚያመጣው የመመለሻውን መንገድ ያሳጥረዋል፤ የአጫጫኑ ስሜት ግን ለስለስ ብሎ ይደፈናል።

ቡናማውን በጓደኛዬ ቤት ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ጉብታው ለጽሑፍ ደስ ቢልም ለጌም ከቀዩ የሚያስበልጥ ነገር አላገኘሁበትም። እጁ ለሚከብድና ቁልፍ ሳያስበው ለሚጫን ሰው ግን 60 ሴንቲኒውተን የሚጠይቀውን ጥቁሩን እመክራለሁ፤ ጠንካራ ሞላው ጣትን ወደ ላይ መልሶ ይገፋል።

ሰማያዊ ኪቦርዴን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ዓመት ሳይሞላው አንዳንድ ቁልፎች አንድ ጊዜ ስጫናቸው ሁለት ጊዜ መሥራት ስለጀመሩ ነው። ሁለት ብረቶች ሲገናኙ በተፈጥሯቸው ለቅጽበት ይንቀጠቀጣሉ፤ ኪቦርዱ ይህን እንደ ብዙ መጫን እንዳይቆጥረው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። ብረቱ ሲያረጅ ወይም አቧራ ሲገባበት መንቀጥቀጡ ከዚያ ጊዜ ያልፍና ፊደሉ ይደገማል።

በማግኔት የሚሠራው ስዊች ይህ ችግር ከሥሩ የለበትም፤ የሚነካካ ብረት የለውምና። በመውረጃው ዘንግ ላይ ትንሽ ማግኔት አለ፤ ከሥሩ ያለው ሴንሰር ደግሞ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 ባገኘው ክስተት ተጠቅሞ ማግኔቱ ምን ያህል እንደቀረበ ይለካል። ስለዚህ ኪቦርዱ ቁልፉ መጫን አለመጫኑን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ጥልቀት ላይ እንዳለም ያውቃል። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ይዛልኝ የመጣችው የኔዘርላንዱ ዉቲንግ ኩባንያ ያመረተውን 60 ኤች ኢ ነው። ቁልፉ የሚሠራበትን ጥልቀት ከ0.1 እስከ 4 ሚሊሜትር ድረስ እኔው እወስናለሁ። ራፒድ ትሪገር የተባለው ሌላው ችሎታው ግን ለእኔ ከዚህም ይበልጣል፤ ቁልፉ የትም ጥልቀት ላይ ይሁን፣ ጣቴ መነሣት በጀመረበት ቅጽበት «ተለቋል» ብሎ ይቆጥራል። ያንኑ የድግግሞሽ ፈተና በዚህ ኪቦርድ ላይ ሳደርገው፣ ቁልፉ መነሣቱን በዓይኔ ሳላየው ፊደሉ ቆመ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳስተኝ ቶሎ መቆሜ ራሱ ነበር፤ ከለመድኩት በኋላ ግን ወደ ቀዩ መመለስ ከብዶኛል።

ይህን ከሌላው ስናፕ ታፕ ከሚባለው ችሎታ መለየት ያስፈልጋል። የጌም ዕቃ አምራቹ ሬዘር እ.ኤ.አ. በ2024 ያስተዋወቀው ይህ አሠራር ሁለት ተቃራኒ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የኋለኛውን ብቻ በመቁጠር ማቆሙን በተጫዋቹ ፈንታ ያከናውናል። የጌሙ ባለቤት ቫልቭ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በካውንተር ስትራይክ 2 ይፋዊ ሰርቨሮች ላይ ይህን ከልክሎታል፤ የሚጠቀም ተጫዋች ከጨዋታው ይባረራል። ክልከላው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ መልቀቅን በትክክል መለካት አንድ ነገር ነው፣ በተጫዋቹ ምትክ መልቀቅ ሌላ። ራፒድ ትሪገር አልተከለከለም።

የማግኔቱ ስዊች ጉድለት የታየኝ አማርኛ ስጽፍበት ነው። እንደምናውቀው በላቲን ፊደል አማርኛ ስንጽፍ አናባቢው ለብቻው ይነካል፤ «ሰላም» የሚለው ሦስት ፊደል አምስት ጊዜ መጫን ይጠይቃል። ጥልቀቱን 0.2 ሚሊሜትር ላይ አድርጌ ስጽፍ በ«አይ» ቁልፍ ላይ ያረፈው ጣቴ ሳልፈልግ እየሠራ «ልጅ» ያልኩት «ሊጅ» ሆኖ ይወጣ ነበር። አሁን ሁለት አሠራር አስቀምጬ፣ ለጌም 0.3፣ ለጽሑፍ ደግሞ 1.8 ሚሊሜትር እጠቀማለሁ። የቀስት ቁልፎች ለብቻቸው የሉትም፤ ብዙ የሚጽፍ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

በሰከንድ 8,000 ጊዜ መረጃ ይልካል ለሚባል ኪቦርድ ተጨማሪ ገንዘብ እንድትከፍሉ ግን አልመክርም። ከ1,000 ወደ 8,000 ሲወጣ የሚገኘው ትርፍ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ እኔ ከአዲስ አበባ ስጫወት ፒንጌ፣ ማለትም መረጃው ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች የሚወርደው ስንት አንዴ ነው። የመልቀቁ ትርፍ ግን ከኔትወርኩ መዘግየት ጋር አይጠፋም፤ ጣቴ የሚያደርገውንና ጌሙ የሚያየውን ያቀራርባልና።

ገንዘቡ ለማግኔት የማይበቃ ከሆነ ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀልና የሚቀየር ባለ ቀይ ኪቦርድ ይገዛ፤ ቦርዱ ባለ 3 እግር ስዊች ብቻ ወይስ ባለ 5 እግርም እንደሚቀበል ይጠየቅ፤ የማግኔት ስዊች ተራ ሜካኒካል ቦርድ ላይ ቢገጠም እንደማይሠራም ይታወቅ። ታናሽ ወንድሜ አሁን የሚጫወተው በእኔው አሮጌ ቀይ ኪቦርድ ነው። በ«ኤ» እና በ«ዲ» ክዳን ሥር ሁለት ሁለት የላስቲክ ቀለበት አስገብቼለታለሁ፤ ሦስተኛውን ስጨምር ቁልፉ በደንብ አልወርድ ስላለው አውጥተነዋል።