ሸራው ተቀየረ፣ ጎማው ግን አልለቅ አለ

ከፍራንክፈርት የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር። ዕቅዴ ቀላል ነው። አጎቴን ይዤ ጅማ መውረድ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ መመለስ። መኪናው የእሳቸው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ ባለ 75ቱ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ሞተሩ አይታማም። የፊት ፍሬኑ ነው የሚታማው። ገና ሳልመጣ አጎቴ በስልክ «ትንሽ ይከብዳል፣ ናፍጣም ይበላል» ብለውኝ ነበር። እኔም ከመንገዱ በፊት ጋራዥ ይግባ አልኩ።

የገባው አዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ ጋራዦች አንዱ ዘንድ ነው። ስሙን አልጠራም። አቀባበሉን ግን አመሰግናለሁ። ሶፋ አለ፣ ዋይፋይ አለ፣ ማኪያቶ አለ። ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ «የፊት ፍሬን ሸራ አልቆ ነበር፣ ቀይረናል» አሉን። ደረሰኝ ሰጡን። አሮጌውን ሸራም በፌስታል አድርገው መለሱልን። ይህችን ልማድ ወደድኳት፤ ኋላም ጠቀመችን። የከፋኝ ሌላ ነው። መኪናው ምን እንደሚያደርግ የጠየቀን የለም። ነድቶ ያየውም የለም።

በነጋታው ቱሉ ቦሎን አልፈን ወደ ወሊሶ ስንጠጋ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ታውቃላችሁ? አፍንጫ አይስተውም። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ «ፍሬን አብዝቼ ነው» ብዬ ባለፍኩት። መንገዱ ግን ሜዳ ነው፤ ፍሬን ከነካሁ ቆይቻለሁ። ነዳጁን ስለቅ መኪናው አይንሸራተትም፣ ከኋላ ሰው የያዘው ይመስላል። መሪውም ወደ ቀኝ ይስባል። ጀርመን ቢሆን በየሁለት ዓመቱ ምርመራ አለ፤ ጎማውን ሮለር ላይ አቁመው የግራና የቀኙን የፍሬን ጉልበት በማሽን ያነጻጽራሉ። እዚህ ማሽኑ የእኔ አፍንጫ ሆነ። በዝግታ እየነዳን፣ እየቆምን እያበረድን ወልቂጤ ገባን።

ሰዎች የጠቆሙን ጋራዥ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ታፔላ የለውም። ልክ ስንቆም አንድ ልጅ በጀሪካን ውኃ ይዞ ወደ ጎማው ሮጠ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ሆኖ ጮኸበት። «ዲስኩን ልታጣምመው ነው?» ያኔ ልቤ አረፈ። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ብቻ በጣቱ የግራው ቸርኬ መሀል ላይ ጣል አደረገ፤ ዝም። ቀኙ ላይ ጣለ፤ ቸስ አለ።

«ፋዘር፣ ፎር ዊል አስገብተዋል?» አላቸው አጎቴን። ጥያቄው ገረመኝ፤ በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ገብቶ፣ አራቱም ጎማ በሞተር እየተገፋ ሲነዳ ራሱን ይይዛል፤ ሰው ፍሬን ይመስለዋል። ማርሹ አልገባም፣ የፊት ጎማዎቹን ከአክሱ ጋር የሚያያይዘው ሎክ ግን ተቆልፎ ኖሯል። እሱን ፈታ። ጎማው ብቻውን ይዙር ብሎ ነው። ክሪክ አስገብቶ ቀኙን አነሳ። በእጁ ሊያዞረው ሞከረ፤ እምቢ አለ። ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ኩሽኔታው ደህና ነው።

ፌስታሉን ያወጣሁት በዚህ መሀል ነው። አሮጌዎቹን ሸራዎች መሬት ላይ ደረደራቸው። የግራዎቹ ገና ወፍራም ናቸው። የቀኞቹ ሁለቱም እኩል አልቀዋል። «አንድ ፒስተን ቢነክስ ኖሮ አንዱ ሸራ ነበር የሚያልቀው። እዚህ ሙሉው ካሊፐር ነው የሚጨብጠው» አለ። ካሊፐር ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው መንጋጋ ነው፤ ፒስተኖቹም እሱ ውስጥ ናቸው። ያ ፌስታል አዲስ አበባ ሶፋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር እኮ!

ከዚያ ያደረገውን ደጋግሜ ለሰው አውርቻለሁ። ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ አደረጋት። ማንም ፔዳል ሳይረግጥ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማው ወዲያው ተለቀቀ። ስለዚህ ፒስተኑ ዝጎ አይደለም፣ የታሰረ ግፊት ነው። ብሎኗን አጥብቆ «ረግጠህ ልቀቅ» አለኝ። ጎማው እንደገና ያዘ። አሁን ከላይ ያለውን፣ ዘይቱን የሚያመጣው የብረት ቱቦ ከላስቲኩ ቱቦ የሚገናኝበትን ፈታ። ጥቂት ጠብ ጠብ አለ፤ ጎማው አልለቀቀም። ጥፋቱ ፔዳሉ ዘይቱን ከሚገፋበት ፓምፕ፣ ከማስተሩ ቢሆን እዚያ ሲፈታ ይለቅ ነበር። የቀረው በሁለቱ መካከል ያለው የላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው።

ቱቦውን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አሳየኝ። ላዩ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ውስጡ ግን አብጦ ተልጧል። የእግር ጉልበት ዘይቱን ያሳልፈዋል፤ የመመለሻ ጉልበት ግን የለውም። አዲሱ ሸራ ታዲያ ምን ያድርግ?

ቱቦው ወልቂጤ አልተገኘም። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደ። ባለሱቁን አመሰግነዋለሁ፤ ከመሸጡ በፊት የአሮጌውን ፎቶ ከሜትር ጋር ካልላክን አልሸጥም አለ። ቱቦው ካጠረ መሪ ሲጠመዘዝ ይበጠሳላ። ለግራውም ጨምረን ሁለት ገዛን፤ እድሜያቸው አንድ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ደረሰልን። ሆቴሉ? ክትፎውና ቆጮው ግሩም። ሙቅ ውኃው በወሬ ብቻ።

የወልቂጤውም እንከን አለው። ሁለት ሰዓት ብሎን አራት ሰዓት መጣ። ደረሰኝ የለም። የፍሬን ዘይቱ ክዳን በሌለው ጠርሙስ ነበር፤ እሱን እምቢ ብዬ የታሸገ ገዛሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲጠጣ ወሰኑ ወደ 140 ይወርዳል። ከፊታችን ደግሞ የጊቤ ቁልቁለት አለ። እዚያ ዘይቱ ቢፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰጥማል። አልተከራከረኝም። የተቃጠለውን አዲስ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ አየሩን አስወጣ፣ መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙሮ ቱቦው እንደማይወጠር አየ። የእጅ ዋጋው አዲስ አበባ ከከፈልኩት አንድ አምስተኛ አይሞላም።

ጊቤን በከባድ ማርሽ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ጥቂት እንደወጣን ቆምኩና ሁለቱን ቸርኬ ዳሰስኩ። እኩል ለብ ብለዋል። አጎቴ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ሸተተህ?» አሉኝ። የሸተተኝ ከኋላ ወንበር ያስቀመጡት ቆጮ ነው።