ሜርኩሪን ለወራት ስንጠቀምበት፦ የሃይድሮጅን ቦንዱን ያሳያል፣ ሰረዙን ሁሉ ግን አትመኑ

ሜርኩሪ የካምብሪጅ ክሪስታሎግራፊክ ዳታ ሴንተር የሚያወጣው የክሪስታል መመልከቻ ሶፍትዌር ነው። የያዝነው ነጻውን ስሪት ሲሆን፣ የከፈትንበትም በአብዛኛው የሞለኪውላዊ ጨዎችና የሜታል ኮምፕሌክሶች ሲአይኤፍ ፋይል (የክሪስታል መዋቅር የሚቀመጥበት ፋይል) ነው።

የኤች-ቦንድ (የሃይድሮጅን ቦንድ) ሳጥኑ ላይ ምልክት ሲደረግ ቦንዶቹ፣ ማለትም ሃይድሮጅኑን ከያዘው አቶም (ሰጪ) ወደሚስበው አቶም (ተቀባይ) የሚሄዱት ትስስሮች፣ በሰረዝ ይወጣሉ። የተንጠለጠለውን ሰረዝ ጠቅ ሲያደርጉት ጎረቤቱ ሞለኪውል ይመጣል፤ ሰንሰለቱ ወይም ቀለበቱ እስኪገጥም እንዲሁ መቀጠል ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ማውረዱ አይቆጭም።

ለመለማመጃ ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ይሻላል። በክሪስታሉ ውስጥ ለአንድ መዳብ ከሚደርሱት አምስት ውሃዎች አራቱ መዳቡን በ1.95 አንግስትሮም (የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) ገደማ ይዘውታል። አምስተኛው መዳቡን አይነካም፤ ከእነዚያ ውሃዎች ሃይድሮጅን ይቀበላል፣ የራሱን ደግሞ ለሰልፌት ኦክስጅኖች ይሰጣል። የሰልፌቱ ኦክስጅኖች ከመዳቡ ወደ 2.4 አንግስትሮም ስለሚርቁ ግን ሶፍትዌሩ መስመሩን ሳይስል ሊያልፍ ይችላል። ያኔ መዳቡ አራት ጎረቤት ብቻ ያለው ይመስላል፤ ቦንዱን በእጅ መጨመር ነው።

ዋናው ጣጣ ሃይድሮጅኑ ራሱ ነው። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮን ነው፤ የሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ደግሞ ወደ ቦንዱ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ርቀት 0.82 እስከ 0.85 ሆኖ ይገኛል፣ በኒውትሮን ሲለካ ግን 0.98 አካባቢ ነው። የሃይድሮጅን ቦታ ማስተካከያውን ሲያበሩት ከሃይድሮጅን እስከ ተቀባዩ ያለው ርቀት ያጥራል፤ ከሰጪ እስከ ተቀባይ ያለው ግን አይነቃነቅም። ማወዳደሪያ የሚሆነው ይኸኛው ነው። የሰጪ፣ የሃይድሮጅንና የተቀባይ ማዕዘን ዝቅተኛ ገደቡንም 120 ዲግሪ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ በአጋጣሚ የተቀራረቡ አቶሞች ሁሉ ቦንድ ሆነው ይሰለፋሉ።

የውሃ ሃይድሮጅኖች በግምት ተቀምጠው ከሆነ ሥዕሉ ወዲያው ያጋልጣል፦ የሁለት ውሃ ሃይድሮጅኖች ፊት ለፊት ተፋጠው ከ2 አንግስትሮም በታች ይቀራረባሉ፣ ወይም አንዱ ተቀባይ አጥቶ ባዶ ቦታ ያያል። እንዲህ ሲሆን የአቶሞቹ ቦታ ከመለኪያው ዳታ ጋር ወደሚስተካከልበት ማጥሪያ ሶፍትዌር መመለስ ነው።

ጨው ነው ወይስ ኮክሪስታል (ፕሮቶን ሳይሻገር ሁለት ሞለኪውሎች አብረው የሠሩት ክሪስታል) ለሚለው ጥያቄ ሰረዙ መልስ የለውም። ፕሮቶኑ ከአሲዱ ወደ ናይትሮጅኑ ተሻግሮ እንደሆነ ለማየት የካርቦንና የኦክስጅን ርቀቶችን ለኩ። ሁለቱም 1.25 አካባቢ ከሆኑ ካርቦክሲሌት (ፕሮቶኑን የሰጠ አሲድ) ነው፣ ስለዚህ ጨው ነው። አንዱ 1.21፣ ሌላው 1.31 ከሆነ ፕሮቶኑ ገና አሲዱ ላይ ነው።

ለኅትመት የሚሆን ሠንጠረዥ ከነስህተት መጠኑ ከፈለጋችሁ የማጥሪያው ሶፍትዌር የሼልክስኤል ኤችታብ ትእዛዝ ይሻላል።

የሜርኩሪ የዱቄት ዲፍራክሽን ማስመሰያም (ከመዋቅሩ ተነስቶ የዱቄቱን የኤክስሬይ ንድፍ የሚያሰላው) ጥሩ ነው። መዋቅሩ በ100 ኬልቪን ተለክቶ ዱቄቱ በክፍል ሙቀት ከተለካ ግን የዱቄቱ ጫፎች በአብዛኛው ወደ ዝቅተኛ ማዕዘን ይሸሻሉ፤ ሴሉ (በክሪስታሉ ውስጥ የሚደጋገመው ትንሹ ክፍል) በሙቀት ስለሚሰፋ ነው እንጂ ናሙናው ሌላ ሆኖ አይደለም።