የሐዋሳ ሪዞርት ከገንዳው ውጪ፦ የቱ ዋጋው ይገባዋል፣ የቱ ይቅር

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍል የያዘ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን የሚጨርሰው ገንዳ ዳር ነው። ልጆቹ ከሸርተቴው ወደ ዥዋዥዌው፣ ከዥዋዥዌው ወደ ውኃው ሲሉ ይውላሉ፤ ወላጆች ጃንጥላ ሥር ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። ለዚህ ግን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት አያስፈልግም፤ ቢሾፍቱም አዳማም ገንዳ ሞልቷል። ሐዋሳ የሚኬደው ለሐይቁ ነው። ሐይቁ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፦ ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ተኩል እስከ ምሽት። መሐል ያለው የገንዳ፣ የምሳና የእንቅልፍ ነው። ቁርሱን በ3 ሰዓት በልቶ፣ በ5 ሰዓት ገንዳ ገብቶ፣ በ9 ሰዓት ጀልባ የሚፈልግ እንግዳ ከሁሉም ደካማ ደካማውን ይዞ ይመለሳል።

ከጀልባው እንጀምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚወጣውም ብዙ ቅሬታ የሚሰማውም እዚያ ነው። ሞተር ጀልባ ከሪዞርቶቹ መሳፈሪያ፣ ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻና ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ይገኛል። ኃይሌም ሌዊም የሚባሉት ሪዞርቶች ሐይቁ ዳር ስለሆኑ ከክፍል ወጥቶ ጀልባ ላይ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ውጪ ካለው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ጭማሪው ተገቢ የሚሆነው መሳፈሪያው ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ ማለትም ከእንጨት መረማመጃው በቀጥታ ወደ ጀልባው የምትገቡ ከሆነ። እግር እየረጠበ በሣር መሐል የሚገባበት ጀልባ በነፃም ቢሆን አይመከርም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመለስበታለን።

ዋጋው በሁለት መንገድ ይነገራል፦ በሰው ወይም በጀልባ። አራት ከሆናችሁ ጀምሮ በጀልባ መከራየት ያዋጣል፣ የማታውቁት ሰውም አይደረብባችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ ስንት ደቂቃ፣ እስከ የት፣ ሂሳቡ መቼ። «አንድ ሰዓት» ሲባል ከመሳፈሪያ እስከ መሳፈሪያ መሆኑን አስረግጡ፤ ነዳጅ እየቀዱ፣ ሌላ ሰው እየጠበቁ የሚያልፈው ጊዜ ከናንተ እንዳይቆረጥ። ሂሳቡ ስትመለሱ ይከፈል። ጉማሬ አሳያለሁ የሚል ሁሉ ማሳየት የሚችል አይደለም። ጉማሬዎቹ የሚፈለጉት በተለይ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል፣ ደንገልና ቄጤማ በበዛበት ዳርቻ ነው፤ ፀሐይ ሲጠነክር ውኃ ውስጥ ሰጥመው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህ የጉማሬ ጉዞ ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ነው። ለፎቶ ብላችሁ ጠጋ በል ብላችሁ ጀልባ ነጂውን አትገፋፉት። ጉማሬ ውኃ ውስጥ ያለ ክልሉን አጥብቆ የሚጠብቅ እንስሳ ነው፤ በእሱና ጥልቁ ውኃ መሐል መግባት ደግሞ መሸሻውን መዝጋት ነው። ጥሩ ነጂ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ሞተሩንም ጨርሶ አያጠፋም።

ጀልባውን ስታዩ ቀለሙን ተዉት። ሁሉም ተሳፋሪ ከተቀመጠ በኋላ የጀልባው ጠርዝ ከውኃው ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ማለት አለበት፤ ካነሰ ሰው ይቀነስ። ሐይቁ ከ20 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። ላይፍ ጃኬቱን ተቀምጣችሁበት እንደ ትራስ ካደረጋችሁት ጥቅም የለውም፤ ለብሳችሁ ማሰሪያውን ቆልፉና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጭ አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው፤ ልጅ ከሆነ ውኃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የልጆች ልክ ከሌላቸው ሌላ ጀልባ ፈልጉ፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። መቅዘፊያ መኖሩንም እዩ። ሞተር የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በብልሽት ሳይሆን የዓሣ መረብ ወይም የውኃ ሣር ማሽከርከሪያው ላይ ተጠምጥሞ ነው፤ ነጂው ሞተሩን አንሥቶ እስኪፈታው ጀልባውን አቅጣጫ የሚያስይዘው መቅዘፊያ ብቻ ነው።

ነፋሱ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው። 8 እና 9 ሰዓት ላይ ሐይቁ ይናወጣል፣ ውኃው ይረጫል፣ ልጆች ያቅለሸልሻቸዋል፤ በዚያ ሰዓት የሚወርደው ዋጋ ቅናሽ እንዳይመስላችሁ። አመሻሹ ላይ ብዙውን ጊዜ ረገብ ይላል። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው በውኃው ማዶ ነው፤ የማታው ጉዞ ዋጋው የሚገባው ለዚህ ነው። ጀንበር ከገባች በኋላ ግን ጨለማው ፈጣን ነው፣ አብዛኞቹ ጀልባዎችም መብራት የላቸውም። ፀሐይዋን ከውኃው ላይ እያያችሁ መመለስ ጀምሩ እንጂ እስክትጠልቅ መሐል ሐይቅ ላይ አትቆዩ።

አሁን ወደ እግር መርጠቡ። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ተሕዋስ ዳርቻው ሣር ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልገውም፣ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃዋል። ስለዚህ ዋና በገንዳ፣ ሐይቁ ለጀልባ። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ማየት ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ የሚያዘውም ውኃው ውስጥ የሚውለው ነው። ገብታችሁ ከሆነ ወዲያው በፎጣ አጥብቆ መጥረግ ጥቂት ይረዳል እንጂ ዋስትና አይደለም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ሰገራ መመርመር ነው፤ በቶሎ ቢመረመሩ እንቁላሉ ገና ስለማይታይ ነፃ ናችሁ ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ።

የዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ ከሁሉም የላቀ ነው። ለሪዞርት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ በማይባል ገንዘብ ይህን የሚያህል ነገር የሚታይበት ሌላ ቦታ ሐዋሳ ውስጥ የለም። አጥማጆቹ መረቡን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ያወጣሉ፤ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣው ሲራገፍና ሲቆጠር፣ ልጆች በቢላ ሲዘለዝሉ ማየት የሚቻለው እስከ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። 5 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ጥብስና ዝንብ ነው። ሽታውን የሚጠላ ነጠላ ወይም ስካርፍ ይያዝ፤ መሬቱ ስለሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይቅር።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣው ትርፍራፊ ሲጣል በሰው መሐል እየተጋፉ ይሻማሉ። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ይበልጣል፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። እግራቸው ኖራ የተቀባ የሚመስለው በራሳቸው ኩስ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን እንዲያቀዘቅዛቸው ሆን ብለው ይለቁበታል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ከማንኛውም የሪዞርት ጨዋታ በላይ ይዝናናሉ። ልጅ በእጁ ሥጋ ይዞ እንዲመግባቸው ግን አትፍቀዱ፤ ምንቃራቸው ቀልድ አያውቅም። ለዚያ ፎቶ ብር የሚጠይቁ ልጆች አሉ፤ ሥጋውን እነሱ ይወርውሩ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጉሬዛው ጨዋ ነው። ጦጣው ፌስታል ካየ ውስጡ ምግብ እንዳለ ያውቃል፤ ሙዝ በእጅ ይዞ መዞር ጠብ መፈለግ ነው።

ለመብላት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይመረጣል፤ አምባዛ ቅባት ይበዛበታል፣ ጭቃ ጭቃ ይላል የሚሉም አሉ። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ነው። ከስንዝር ያነሰ ዓሣ አትግዙ፤ ከመውለዱ በፊት የወጣ ሊሆን ይችላል፣ አጥንት እንጂ ሥጋም የለው። ተዘልዝሎ ወደ ቤት የሚወሰድ ከሆነ ከ1 ኪሎ ሙሉ ዓሣ የሚተርፈው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ገደማ መሆኑን አስቡ፤ የፊሌቶው ኪሎ ዋጋ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው እንጂ ሁልጊዜ ተጭበርብራችሁ አይደለም። በጾም ወራት ፈላጊ ስለሚበዛ ዋጋው ይንራል። እዚያው ለመብላት ሙሉ ጥብስ ይታዘዝ፦ ጎንና ጎኑ በቢላ የተተፈተፈ፣ ዘይቱ በደንብ ከጋለ በኋላ የገባ። ዘይቱ ሳይግል የገባ ዓሣ ዘይት ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል፤ ብዙ ሰው ተሰልፎ ጠባሹ ሲቸኩል የሚበላሸውም ይህ ነው። ከዳጣ ጋር ይቀርባል፣ ዳጣውም ቀልድ የለውም፤ ለልጆች ሎሚና ጨው ይበቃል። ጥሬ ዓሣ የሚበሉ ታያላችሁ። ሎሚውም ሚጥሚጣውም ጥገኛ ተሕዋስ አይገድሉም፣ የሚገድለው እሳት ነው። ሾርባው ግን፣ ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ የሚሠራው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው።

ብስክሌት ለሐዋሳ የተሠራ ነገር ነው፤ ከተማው ሜዳ፣ መንገዱ ሰፊ። በሰዓት ይከራያል፣ መያዣ መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርት ወይም ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ሌላ ነገር ለማስያዝ ሞክሩ። ከመክፈላችሁ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬን ለየብቻ ያዙና ግፉ፤ የኋላው ብቻ የሚይዝ ብዙ ነው። ሰንሰለቱ የላላ ከሆነ ማርሽ ሲቀየር ይወልቃል። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ፤ ኮርቻው ዝቅ ካለ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበት ይታመማል። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ በጠዋት ደስ ይላል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ባጃጁና እግረኛው ስለሚበዛ ለልጅ አይሆንም።

ታቦር ተራራ አጭር ነው፤ መካከለኛ አቅም ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይወጣዋል፣ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ የሚታዩትም ከዚያ ነው። ጥላ ስለሌለው ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ ያልጠነከረ ይመስላል እንጂ ቆዳ ያቃጥላል። ብቻችሁን አትውጡ፣ ጨለማም እዚያ አይያዛችሁ።

ሪዞርቶቹ ውስጥ ያሉት ፑል፣ ካራምቡላ፣ ጆተኒና ፒንግ ፖንግ ለዝናብ ቀን ናቸው። ማሳጅና ስቲም በሥራ ቀን ይያዝ፣ ቅዳሜ ወረፋ ነው። «የባህል ምሽት» የሚባለው እንደየቤቱ ይለያያል፤ ምግቡ ቡርሳሜ ካለበት ግን አይቅር። በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ነው፣ በሸክላ ሻፌታ ይቀርባል። ሜኑ ላይ ሳይኖር ቀድሞ ሲታዘዝ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፣ ስለዚህ በዋዜማው ጠይቁ።

አንድ ቀን የሚተርፋችሁ ከሆነ ወንዶ ገነት በሻሸመኔ በኩል ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ፍል ውኃው ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ መውጣት፣ ውኃ መጠጣት፣ መመለስ። ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳያማክር አይግባ። ሽቅብ ያለው ምንጭ ድንች የሚቀቅል ስለሆነ ልጅ እጁ ተይዞ ይሂድ። እሑድ ገንዳው በሰው ይጨናነቃል፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ማለዳ ሌላ ቦታ ይመስላል። የሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ ለማየት ነው፤ የራስ መኪናና ማለዳ መነሳት ይፈልጋል፣ ትንንሽ ልጆች ግን መንገዱ ያሰለቻቸዋል።

ቀን ስትመርጡ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19ን ተመልከቱ። ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ሕዝብ ስለሚመጣ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም በእጥፍ ሊጠየቅበት ይችላል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ላይ ይከበራል። ለማየት የሚመጣ ሰው ግን ቀኑን ከካላንደር አያገኘውም፤ ኮከብና ጨረቃ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው የሚቆርጡት። ስለዚህ ክፍል ስትይዙ ቀን ማዛወር የሚፈቅድ ቤት ምረጡ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊትም ሲዛወር ምን ያህል እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ይላክላችሁ።