ቲለሩ አርሶልኛል፣ ሰርዶም ዘርቶልኛል

ሰርዶ የሌለበት ጓሮ ካላችሁ ይህን ማሽን ግዙት፣ አታቅማሙ። ሰርዶ ካለባችሁ ግን ትንሽ ቁጭ በሉና አንብቡ። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

ማሽኑ ሚኒ ቲለር የሚሉት ነው። እጀታውን ይዘው ከኋላ የሚከተሉት፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ከሥሩ የሚሽከረከሩ ቆልመም ያሉ ምላጮች ያሉት። የገዛሁት ደሴ ነው፣ በልግ ሊገባ ሲል። ቤቴ ሐይቅ ነው። ከቤት ጀርባ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት የማለማበት ጓሮ አለኝ። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሲሰቀል ነው ልቤ ወደ ሞተር ያዘነበለው።

ሻጩ አፈ ጮሌ ነበር። «እናቴ አብሽሪ፣ ለሴት እጅ አይከብድም» አለኝ። እሺ፣ ብዙም አይከብድም። «አፈሩን ዱቄት ነው የሚያደርግልሽ» አለኝ። እሱም እውነት ነው። «አረምማ ወላሂ ከነሥሩ ነው የሚያጠፋልሽ» አለኝ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳስነሳው ጎረቤት ሁሉ በአጥር በላይ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። በዶማ ወገብ የሚቆርጠውን መደብ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ጨረሰው። አፈሩ ለሰለሰ። ሰርዶው የት እንደገባ ጠፋ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ካሮቴን ዘራሁ። የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ ግን ካሮቱን ቀድሞ ብቅ ያለው ሰርዶ ነው። ድሮ ጥግ ጥጉን ይዞ የነበረው አሁን መደቡን ዳር እስከ ዳር አልብሶታል። ሰው ተጠንቅቆ በመስመር የዘራው ይመስላል።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ሰርዶ በዘር ብቻ አይራባም። ከመሬት በላይ እየተሳበ የሚሄድ ግንድ አለው፣ ከመሬት በታችም እንደ ጠፍር የጠነከረ ሌላ ነጭ ግንድ አለው። ሁለቱም አንጓ አንጓ አላቸው። ከእያንዳንዱ አንጓ ሥርም ቡቃያም ይወጣል። የቲለር ሥራው ደግሞ መቆራረጥ ነው። አንዱን ረጅም ሰርዶ ከትክቶ ብዙ ቁራጭ ያደርገዋል፤ ቁራጩን ከለሰለሰው አፈር ጋር ያዋህደዋል። እኔ በላዩ ፍግ ጨመርኩለት፣ ዝናቡ አጠጣለት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ጠለቅ ብሎ የተቀመጠውን ሥርማ ምላጩ አልነካውም። ካርቶኑ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፍራል ይላል። በእኔ አፈር ግማሹን ከቆፈረ እልል ነው።

«ደጋግመሽ እረሺዋ!» ሲለኝ ይሰማኛል ሻጩ። ደጋገምኩት። በዝናብ ወር መደጋገም ማለት ቁራጩን እንደገና ቆርጦ እንደገና መትከል ማለት ነው። በዚያ ላይ ያልተቆረጠው ረጅሙ ሰርዶ ምላጮቹ ላይ ይጠመጠማል። ሞተር አጥፍቶ፣ ተንበርክኮ፣ በቢላ እየቆረጡ ማላቀቅ ነው። (ይህን ስታደርጉ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን የካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ ነው እጃችሁን የምታስገቡት። ጣት አይበቅልም።)

ከአጥሩ ማዶ በበሬ የሚያርሱ አዛውንት አሉ። ቆመው ሲያዩኝ ከቆዩ በኋላ «ልጄ፣ ሰርዶ በብረት አይሞትም። በፀሐይ ነው የሚሞተው» አሉኝ። የእሳቸው መንገድ ይህ ነው። በደረቁ በጋ ይታረሳል። ማረሻው ሰርዶውን አይከትፈውም፤ እየጎተተ ረጅሙን እንዳለ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይቃጠላል። በአንዱ መደብ ላይ እኔም በባለ አራት ጥርስ ሹካ ሞከርኩት። አፈሩን ከፍ አድርጎ ሲያናጋው ሰርዶው ሳይበጠስ ይመዘዛል። ያ መደብ እስካሁን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ስደርስ ሻጩ ደግሞ ብቅ ይላል። «እንግዲያው መጀመሪያ በሹካ ነቅለሽ ጨርሺ፣ ከዚያ በቲለሩ እረሺው።» የኔ ጌታ፣ ጓሮውን በሙሉ በሹካ ከገለበጥኩትማ መሬቱ ታረሰ አይደል እንዴ? ቲለሩ ታዲያ ምን ሊሠራ ይመጣል? ዱቄቱን ሊነፋልኝ?

ስለ ሌላው ነገር ብዙ የምለው የለኝም። በአንድ ሳብታ ይነሳል። መጀመሪያ 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ ዘይቱን የቀየረልኝ ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ነው፣ ሞተሩ አልከበደውም። የሚያስቸግረው ቤንዚኑ ነው። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም ይላል፣ በሃይላንድ የሚሸጡት ደግሞ ዋጋቸው አይቀመስም። ሞተሩ ላይ «7 የፈረስ ጉልበት» የሚል ተለጥፏል። እሱን ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ተዉለት። ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህል ያጣል። እኛ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ነን፤ አንድ አምስተኛው አየር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ደሴና ኩታበር ያላችሁ ከዚያም በላይ ቀንሱ። ዋልካ አፈር ካላችሁ ደግሞ እርጥቡን አትንኩ፤ ምላጩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ያለፈበትም ሲደርቅ ጓል ይሆናል።

ልጄ «እማ፣ ሽጪው በቃ» ትላለች። ካሮት መደቡ መሐል ተንበርክኬ ሰርዶ ስለቅም እኔም እላለሁ። ግን ነጭ ሽንኩርት የምተክልበት መደብ አለ፤ ለዓመታት በእጅ እየተለቀመ የጸዳ። እዚያ ስነዳው ሌላ ማሽን ነው። ፍጉን ከአፈሩ ጋር እንዲያ አድርጎ የሚያዋህድ ዶማ አላየሁም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ራሱ አምሮ ነው የወጣው። ስለዚህ አልሸጠውም። ሻጩን ግን አልምረውም። «ሰርዶ አለሽ ወይ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ደሴ ተቀምጦ ጓሮ ላለው ሰው ማሽን የሚሸጥ ሰው ሰርዶን አያውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ።

ለመጪው በጋ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሰርዶ የበዛበትን ክፍል ለአዛውንቱ በሬዎች እሰጣለሁ፤ ሲገላበጥ እኔ እለቅማለሁ። ቲለሩ እዚያ ዝር አይልም።

ማዋሱንም በሕግ አድርጌዋለሁ። አንዱ ጎረቤት ወስዶት ምላጩ ላይ በተጠመጠመው ቁራጭ የእኔን ሰርዶ እሱ ጓሮ ተክሎ መጣ፤ አሁን ሰላምታው ቀዝቀዝ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ቲለሬን የሚዋስ ሰው ሲወስደውም ሲመልሰውም በር ላይ ቢላ ይሰጠዋል። ምላጩን ፍቆ፣ ቁራጩን ለቅሞ፣ ምድጃ ውስጥ ጨምሮ ነው የሚያልፈው።